ቁልቁለት የሚችል ፍሬን፦ ሸራ፣ ዲስክና የፍሬን ዘይት ስንመርጥ

ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ እየወረድን ነበር። መኪናው አሮጌ ኮሮላ ነው። አምስት ሰው ከነሻንጣው ተጭኖበታል። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ቀጥሎ ያለው ኩርባ ላይ ፍሬን ስይዝ መርገጫው እንደ ድንጋይ ደረቀብኝ፤ መኪናው ግን አልያዘም። ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። ማርሽ ወደ ሁለተኛ አውርጄ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ስቤ፣ ዳር ላይ አቆምኩት። ከሁለቱም የፊት ጎማዎች ጭስ ይወጣ ነበር።

የፊት ሸራውን ካስቀየርኩ ሦስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ብሎኛል። ካርቶኑም ያምር ነበር። ዋጋው ግን ሌላ ቦታ ከጠየቅኩት ግማሽ ነው። ያኔ የጠየቅኩት ዋጋውን ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የፍሬን ዕቃ ስገዛ ብዙ እጠይቃለሁ። የተረዳሁት ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ ከተማ ውስጥ አንዴ ረግጦ ማቆም ለማንኛውም ጤነኛ ፍሬን ቀላል ነው። በጥሩና በመጥፎ መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው ሃያኛው ርግጫ ላይ ነው። አገራችን ደግሞ ሃያኛው ርግጫ የማይቀርባት አገር ናት።

ሙቀቱ ምን ያህል ነው?

ፍሬን የመኪናውን ጉልበት ወደ ሙቀት የሚቀይር ዕቃ ነው። 1500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቢቆም 580 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይወጣል። ፍጥነቱ 50 ቢሆን ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ፍሬን ስንይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ከዚህ ሙቀት ሁለት ሦስተኛውን ያህል የሚሸከሙት የፊት ዲስኮች ናቸው፤ ዲስክ ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውና ሸራው ጨብጦ የሚያቆመው ክብ ብረት ነው። አንዱ ዲስክ 6 ኪሎ ቢመዝን፣ በዚያች አንድ ማቆም ብቻ ሙቀቱ በ70 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ይሄ ምንም አይደለም። ትንሽ ሲሄዱ ነፋሱ ያበርደዋል።

ቁልቁለት ላይ ሂሳቡ ይለወጣል። ያው መኪና 1000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 14,700 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ከ100 ላይ 25 ጊዜ እንደማቆም ማለት ነው፤ ያውም ማብረጃ ጊዜ ሳይኖር። መውረዱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ በአማካይ 8 ኪሎ ዋት ይሆናል። ሁለት የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ በሙሉ ኃይል ግማሽ ሰዓት ሲጣዱ አስቡት። ከዚህ የተወሰነውን ነፋሱ፣ ጎማውና ሞተሩ ይወስዱታል። ማርሽ ቀንሳችሁ ከወረዳችሁ የሞተሩ ድርሻ ከፍ ይላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ በፎሌ ከለቀቃችሁት ግን የሞተሩ ድርሻ ጠፍቶ ሸክሙ ዲስኩ ላይ ይወድቃል። አባይ በረሃ በጎሃ ጽዮንም በደጀንም በኩል ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውም እንዲሁ።

ከፍታችንም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እግራችንን የሚያግዘው የፍሬን ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ስለሆነ እዚህ የሚሰጠው እገዛ ይቀንሳል። ሳሳ ያለ አየር ዲስክ የማብረድ አቅሙም ያነሰ ነው። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ሰርቮው ባዶ ይቀራል።

ዲስክ ፍሬን ስሙን የተከለውም በዚሁ ፍሬን ሲግል በሚመጣው ድካም ጉዳይ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ጃጓር ዲስክ ፍሬን በገጠመ መኪና አሸነፈ። ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚገፋው ከበሮ መሳይ ፍሬን) ያላቸው ተወዳዳሪዎች ፍሬናቸው እየጋለ ሲደክም፣ እሱ ቀጥታው መንገድ መጨረሻ ላይ ዘግይቶ እየያዘ ይቀድማቸው ነበር።

ሸራ፦ ዋናው ምርጫ እዚህ ነው

ሱቅ ውስጥ የምታገኙት በአብዛኛው ከሦስት ዓይነት አንዱን ነው።

ኦርጋኒክ የሚባለው ከቃጫ፣ ከጎማና ከመሙያ ዱቄት ተደባልቆ በሙጫ የተጋገረ ነው። ድምፅ የለውም። ዲስክ አይበላም። ጠዋት ብርድ ላይ ገና ስትነኩት ይይዛል። ዋጋውም ቀላል ነው። ድክመቱ ሙጫው ነው። በጣም ሲግል ሙጫው መፍረስና ጋዝ ማውጣት ይጀምራል። ጋዙ በሸራውና በዲስኩ መካከል ይገባና እንደ ቅባት ያንሸራትታል። መርገጫው ደርቆ መኪናው የማይዘው ለዚህ ነው። አባይ ላይ እኔን ያገኘኝ ይሄው ነው። ጥሩ ፋብሪካ የሠራው ኦርጋኒክ ሸራ ለከተማ መኪና ጥሩ ምርጫ ነው። ርካሹ ግን ሙጫው ደካማ፣ አጋገሩም ጥድፊያ ሊሆን ይችላል፤ ያንን በዓይን መለየት አይቻልም።

ሰሚ ሜታሊክ የሚባለው ውስጡ ከ30 እስከ 65 በመቶ ድረስ ብረት አለበት፤ የብረት ክርና ዱቄት። ሙቀት ይችላል። ተደጋጋሚ ርግጫ አያደክመውም። በምትኩ ይጮኻል፤ ቸርኬ የሚያጠቁር አቧራ ያወጣል፤ ዲስክም ቶሎ ይበላል። ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ላይ ትንሽ ሰነፍ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ። ብረት ሙቀት ስለሚያስተላልፍ የዲስኩን ግለት ሸራውን ወደሚገፋው ፒስተንና ወደ ፍሬን ዘይቱ ይገፋዋል። ስለዚህ ሰሚ ሜታሊክ ገጥማችሁ ያረጀ ዘይት ከተዋችሁ አንዱን ችግር በሌላ ለወጣችሁት ማለት ነው።

ሴራሚክ ሦስተኛው ነው። ጸጥ ያለ ነው። አቧራው ነጣ ያለና ጥቂት ስለሆነ ቸርኬ ላይ አይታይም። ዲስክ አይጎዳም፤ ጠባዩም ቶሎ አይለዋወጥም። ዋጋው ይወደዳል። ብዙ ሰው ከውድ የስፖርት መኪናዎች የሴራሚክ ዲስክ ጋር ያምታታዋል፤ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። እኔ ለከተማና አልፎ አልፎ ክፍለ ሀገር ለሚወጣ የቤት መኪና ሴራሚክ ደስ ይለኛል። ጭኖ ቁልቁለት ለሚመላለስ ግን ገንዘቡን ጥሩ ሰሚ ሜታሊክ ላይ ቢያወጣ እመርጣለሁ።

አሁን ማንም ሻጭ ቀድሞ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ብዙ ሸራ ጎኑ ወይም ጀርባው ላይ ረጅም ቁጥርና ፊደል ታትሞበታል። ከመጨረሻ አካባቢ ሁለት የላቲን ፊደላት ተያይዘው ይገኛሉ። እነሱ የፍትጊያውን መጠን ይናገራሉ። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። የመጀመሪያው ፊደል ሸራው በመደበኛ ሙቀት ሲሠራ፣ ሁለተኛው ሲግል ነው። ለእኛ ቁም ነገሩ ሁለተኛው ላይ ነው። «ኤፍ ኢ» የሚል ሸራ ሲግል ይወርዳል ማለት ነው። «ኤፍ ኤፍ» ባለበት ይቆያል። «ጂ ጂ» ከሁለቱም በላይ ይይዛል። እነዚህ ፊደላት ስለ ዕድሜው ወይም ስለ ድምፁ ምንም አይሉም። አስመስሎ የሚያትምም አይጠፋም። ቢሆንም ምንም ጽሑፍ የሌለበትን ሸራ እኔ አልገዛም።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ሸራ ከላከላችሁ ካርቶኑ ላይ የቅጠል ምልክት ታዩ ይሆናል። እሱ ስለ መዳብ ነው። የሸራ ብናኝ ውስጥ ያለው መዳብ በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ሲገባ ዓሣ ስለሚጎዳ፣ የዋሽንግተንና የካሊፎርኒያ ግዛቶች በሕግ ገደቡት። ሦስቱም ቅጠል ከተሞላ መዳቡ ከ0.5 በመቶ በታች ነው። ለአካባቢ ጥሩ ነገር ነው፤ ስለ መያዝ አቅሙ ግን አይናገርም።

ስለ ብናኝ ካነሳን፣ ጋራዥ ውስጥ በኮምፕረሰር አየር ፍሬን የሚያጸዳ ሰው ካያችሁ እባካችሁ አስቁሙት። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው። አሜሪካ እንኳ ክሪሶታይል የሚባለውን የአስቤስቶስ ዓይነት የከለከለችው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ሸራ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ሳንባው የዚያ ወጣት መካኒክ ነው።

ዲስክ፦ ውበት አያበርድም

የዲስክ ማቴሪያል ላይ ለአብዛኞቻችን ምርጫ የለም። ካስት አይረን ነው። መናቅ ግን የለበትም። ውስጡ ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ካርቦን በስስ የግራፋይት ቅጠል መልክ ተበትኖበታል። ግራፋይቱ ሙቀቱን ቶሎ ያሰራጫል፤ ንዝረቱንና ጩኸቱንም ይውጣል። የሞተር ሳይክል ዲስክ አይዝጌ ብረት የሚሆነው ቀጭንና ለዓይን የተጋለጠ ስለሆነ ነው፤ ሙቀት በማስተላለፍ ግን ካስት አይረን ይበልጠዋል። ካርቦን ሴራሚክ ዲስክን ፖርሽ በ2001 እ.ኤ.አ. በ911 ጂቲ2 ላይ ይዞ መጣ። ክብደቱ የካስት አይረኑን ግማሽ ያህል ነው፤ አይዝግም። ዋጋው ግን የአንድ ያገለገለ መኪና ዋጋ ነው። የፎርሙላ ዋን ካርቦን ዲስክማ ካልጋለ በደንብ አይዝም፤ መገናኛ መብራት ላይ ለሚቆም ሰው አደጋ ነው።

ምርጫ ያለው ቅርጹ ላይ ነው። ድፍን ዲስክ አለ፤ በሁለት ገጽ መካከል የአየር መተላለፊያ ያለው ክፍት ዲስክም አለ። ክፍቱ ሲሽከረከር በመሃል በኩል አየር ስቦ በዳር ይተፋል፤ ራሱን የሚያራግብ ማራገቢያ ነው። ፋብሪካው ለፊት ጎማ ክፍት ዲስክ ከሠራለት፣ በርካሽ ብላችሁ ድፍን አትግጠሙ። አንዳንዱ ዲስክ ውስጡ ያሉት ክንፎች ጠማማ ናቸው። እነዚህ ግራና ቀኝ አላቸው፤ ተገላብጠው ከተገጠሙ አየር መሳባቸው ይዳከማል።

ወጣቶች የሚወዱት የተበሳሳ ዲስክ ነው። ያምራል፤ አልክድም። ቀዳዳው ዝናብ ላይ ውሃ ቶሎ ያስለቅቃል፤ ዲስኩንም ትንሽ ያቀላል። ዲስክ ግን ሙቀት የሚያጠራቅም ድስት ነው። ብረት ስትቀንሱለት አቅሙን ትቀንሳላችሁ። ርካሽ የተበሳሳ ዲስክ ላይ ደግሞ ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳው ዙሪያ ነው። ለቁልቁለት ብሎ የተበሳሳ መግዛት የተገላቢጦሽ ነው። ገጹ ላይ ቦይ የወጣለት ዲስክ ይሻላል፤ ጋዙንና ብናኙን ይጠርጋል፤ ሸራ ግን ቶሎ ይጨርሳል፤ ድምፅም ያሰማል። እውነቱን ለመናገር፣ ከስሙ የታወቀ ፋብሪካ የወጣ ለስላሳ ክፍት ዲስክ ለአሥር መኪና ዘጠኙ ይበቃል።

የዲስክ ስፋት መጨመርስ? ዳያሜትሩ በ10 በመቶ ሲጨምር በተመሳሳይ ርግጫ የሚገኘው የመያዝ ኃይል በ10 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ብረቱም ይበዛል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው የካሊፐሩ መያዣ ይለወጣል፤ ቸርኬው ላይገባ ይችላል፤ የፊትና የኋላው ሚዛንም ይፋለሳል። ያው ሞዴል መኪና ከፍ ባለ ሞተር ሲወጣ ፋብሪካው የገጠመለትን ሙሉ ዕቃ ካላገኛችሁ አትሞክሩት።

በጣም የሚያሳስበኝ ቶርኖ፣ ማለትም የዲስኩን ገጽ በማሽን መላጥ ነው። መሪው ሲንቀጠቀጥ «ዲስኩ ተጣሟል፣ ቶርኖ ይላጥ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ዲስኩ አልተጣመመም። ውፍረቱ እዚህና እዚያ ተበላልጧል፤ ወይም የጋለ ሸራ ገጹ ላይ ተለጥፎበታል። መላጥ መንቀጥቀጡን ሊያስቆም ይችላል። ግን ስንት ቀረ? ዲስኩ ጠርዝ ወይም ጉብታው ላይ የመጨረሻው ዝቅተኛ ውፍረት በሚሊ ሜትር ተጽፏል። ከዚያ በታች የወረደ ዲስክ ይጣላል። ቶርኖ ቤት ከመላካችሁ በፊት በውፍረት መለኪያ አስለኩ፤ ከተላጠም በኋላ አስለኩ። ለምሳሌ ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ከሆነ ክፍት ዲስክ ውስጥ 8ቱ አየር ቢሆን ብረቱ 14 ብቻ ነው። ከዚያ 2 ሚሊ ሜትር መላጥ የብረቱን አንድ ሰባተኛ መውሰድ ነው። በጸጥታ የተወሰደው ያ ብረት ነው ቁልቁለት ላይ የሚያስፈልጋችሁ።

የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ማፍሰስ ይቅር። ካስት አይረን ድንገተኛ ብርድ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ቆማችሁ ጠብቁት።

የፍሬን ዘይት፦ በጣም ርካሹ መዳኛ

መርገጫው ደርቆ ካልያዘ ጥፋቱ የሸራው ነው ብያለሁ። መርገጫው ላልቶ ወለል ድረስ ከገባ ግን ብዙ ጊዜ ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነው። ፈሳሽ አይታመቅም፤ እንፋሎት ይታመቃል። እግራችሁ እንፋሎቱን ሲያምቅ ይውላል፤ ካሊፐሩ ጋ የሚደርስ ነገር የለም። ይሄኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ያስፈራል፤ ምክንያቱም በድንገት ነው የሚመጣው።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ደረጃው ቆርቆሮው ላይ «ዶት» ተብሎ በቁጥር ይጻፋል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ መስፈርቱ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155፣ ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180 ነው። እንግዲህ እዩት፦ ያረጀ ዶት 4 ከአዲስ ዶት 3 በታች ነው። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ዕድሜው ይበልጣል። በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ አስቀይሩ። የተከፈተ ቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ለወራት ከቆየ አትቀበሉ። ዶት 3 ባለበት መኪና ዶት 4 መግባት ይችላል። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፤ ስሙ ከ5.1 ጋር ቢመሳሰልም ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም።

የእኔ ኮሮላ ዘይት ከአባይ ስንመለስ ሲወጣ እንደ ጠቆረ ቡና ነበር። ሸራው ቀድሞ ባይደክም ኖሮ ዘይቱ ይቀድም ነበር።

ካሊፐርና ታምቡር

አብዛኛው የቤት መኪና ያለው ባለ አንድ ፒስተን ተንሸራታች ካሊፐር ነው። ባለ አራት ፒስተን ሲታይ ያስቀናል፤ ሸራውን እኩል ይጫናል። ለእኛ ግን ተንሸራታቹ በትክክል ቢንሸራተት በቂ ነው። አቧራና ጭቃ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች ሲይዛቸው የውስጠኛው ሸራ አልቆ የውጪው አዲስ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሸራ በተቀየረ ቁጥር ፒኖቹ ይጽዱ፤ ሙቀት የሚችል ግሪስ ይቀቡ፤ የተቀደደ ጎሚኒ ይቀየር።

የኋላ ታምቡር ያለው መኪና ያነሰ ነው ብላችሁ አትሳቀቁ። የኋላ ጎማ የሚሸከመው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ ለቀላል መኪና ይበቃል፤ የእጅ ፍሬንም አጥብቆ ይይዛል። ቮልስዋገን አይዲ 4 እንኳ ኋላው ታምቡር ነው። ምክንያቱ የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ኃይል መልሶ ወደ ባትሪ ስለሚያስገባ ፍሬኑ ብዙ አይሠራም። የማይሠራ ዲስክ ይዝጋል፤ ታምቡር ውስጥ የተዘጋ ሸራ ግን ይጠበቃል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ወዳጅ በዝቷል። ለእናንተ አንድ ነገር፦ ባትሪው 100 በመቶ ሞልቶ ቁልቁለት አትጀምሩ። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ ኃይል መቀበል ስለማይችል ሥራው ሁሉ ወደ ዲስኩ ይመለሳል። መኪናው ደግሞ ከባድ ነው። ባትሪው ውስጥ ቦታ ትታችሁ ውረዱ።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ለሚሽከረከር ቪትዝ፦ ጥሩ ኦርጋኒክ ወይም ሴራሚክ፣ የፋብሪካው ዓይነት ዲስክ፣ ያልተረሳ ዘይት። ሌላ ወጪ አያስፈልግም። ሰው ሞልቶ ከከተማ ከተማ ለሚመላለስ ሃይኤስ ግን ሰሚ ሜታሊክ፣ ሁለተኛው ፊደሉ ከ«ኤፍ» የማያንስ፣ ውፍረቱ ያልተነካ ክፍት ዲስክ፣ በየዓመቱ የሚቀየር ዶት 4። ባለቤቱ ጩኸቱንና የዲስኩን ቶሎ ማለቅ መቀበል አለበት። እንደ እኔ አልፎ አልፎ ጎጃም የሚወርድ ሰው መሃል ላይ ነው። እኔ ሰሚ ሜታሊክ ገጠምኩ፤ ጠዋት ጠዋት ይጮኻል፤ ለምጄዋለሁ። ገንዘብ ካጠረ ቅደም ተከተሉ ዘይት፣ ሸራ፣ ዲስክ ነው። ዲስክና ሸራ ሁልጊዜ ግራና ቀኝ አንድ ላይ ይቀየራሉ።

አዲስ ሸራ ገጥማችሁ በዚያው ቀን ቁልቁለት አትውረዱ። ሸራና ዲስክ መላመድ አለባቸው። ቀጥ ያለና ጭር ያለ መንገድ ፈልጉ። በ50 ሄዳችሁ ሳትቆሙ እስከ 10 ቀስ ብላችሁ ቀንሱ፤ ይህን ስምንት አሥር ጊዜ መላልሱ። በመጨረሻ ፍሬን ሳትነኩ አሥር ደቂቃ ያህል ነድታችሁ አብርዱት። ትንሽ ሽታ ቢኖር አትደንግጡ። ሽታው በነጋታው ካለ ግን ጎማውን አስፈትታችሁ ካሊፐሩን አሳዩ።